ጋላፓጎስን በአነስተኛ ጀልባ፦ ውስን ገንዘብ በምን ላይ ይዋል?

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮች። ዛሬ ብቻዬን ሆኜ ላወጋችሁ የፈለግሁት፣ ገንዘቡ ውስን የሆነ ሰው የጋላፓጎስን የዱር እንስሳት ለማየት በአነስተኛ ጀልባ ለመጓዝ ሲነሣ ጀልባዋን በምን መመዘኛ ሊመርጥ እንደሚገባ ነው። ጉዳዩን ከልቤ የማስብበት ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰዎች ዋጋውን ገና ሲሰሙ «ይህ የባለጠጎች ጉዞ ነው» ብለው ሐሳባቸውን ሲተዉ አይቻለሁ፤ ሌሎች ደግሞ ርካሹን ሁሉ እኩል ቆጥረው፣ ሊያዩት የጓጉለትን እንስሳ ሳያዩ ተመልሰዋል።

ጋላፓጎስ የኢኳዶር ግዛት ሲሆን፣ ከአገሪቱ የባሕር ዳርቻ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1959 በብሔራዊ ፓርክነት ስለ ተከለለ፣ በደሴቶቹ ላይ የሚደረገው ጉብኝት በጥብቅ ደንብ የሚመራ ነው። ጎብኚ በተፈቀዱ ቦታዎች ላይ ብቻ፣ በቀን ብርሃን፣ ምልክት የተደረገበትን መንገድ ተከትሎ፣ ፓርኩ ፈቃድ ከሰጠው አስጎብኚ ጋር ይሄዳል፤ በአንድ አስጎብኚ ሥር የሚሆኑት ሰዎችም ከ16 መብለጥ የለባቸውም፤ ከእንስሳቱም ቢያንስ የ2 ሜትር ርቀት መጠበቅ ግዴታ ነው። ይህ ደንብ በርካሽ ጀልባ የመጣውንም ሆነ 100 ሰው በሚይዘው ትልቅ መርከብ የመጣውን ያለ ልዩነት ይገዛል። በእነዚህ ደሴቶች ላይ እንስሳቱ ትልልቅ የየብስ አዳኞች በሌሉበት ለብዙ ዘመናት ስለ ኖሩ ሰውን አይሸሹም፤ ስለዚህም ድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቀው የባሕር ኢጉዋና የተባለው ትልቅ እንሽላሊትም ሆነ አሸዋው ላይ የተኛው የባሕር አንበሳ ለሁሉም ጎብኚ የሚታየው ከአንድ ርቀት ነው።

ታዲያ ተጨማሪው ገንዘብ የሚገዛው ምንድን ነው? በአብዛኛው ሰፊ ካቢን፣ የተሻለ ምግብ፣ ጸጥታና የመዝናኛ ቦታ ነው። በርካሽ ጀልባ ላይ አልጋው ተደራራቢ ሊሆን ይችላል፤ በታችኛው ወለል ያሉት ካቢኖችም ለሞተሩ ስለሚቀርቡ ድምፁ እንቅልፍ ይነሣል። እኔ ይህንን ሁሉ መታገሥ ይቻላል ባይ ነኝ፤ ቀኑ የሚያልፈው በደሴቶቹ ላይና በውኃው ውስጥ ስለሆነ፣ ካቢኑ ከመኝታነት የዘለለ አገልግሎት የለውም።

መቆጠብ የማይገባው በቀናት ላይ ነው። «የ5 ቀን ጉዞ» ተብሎ የሚሸጠው በእርግጥ 4 ሌሊት ነው፤ የመጀመሪያው ቀን እኩሌታ ከኢኳዶር ከተሞች ከጓያኪል ወይም ከኪቶ በሚደረገው በረራ ያልቃል፤ የመጨረሻው ቀን ደግሞ ከአንድ አጭር የማለዳ ጉብኝት በኋላ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ መሄጃ ነው። እንግዲህ በመካከል የሚቀሩት ሙሉ ቀናት 3 ብቻ ናቸው፤ በ8 ቀን ጉዞ ግን 6 ይሆናሉ። በምቹ ጀልባ 5 ቀን ከመሄድ በቀላል ጀልባ 8 ቀን መሄድን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ።

ከቀናቱ ቁጥር ይልቅ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው የጉዞው መስመር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ በሥራ ላይ ባለው ሥርዓት መሠረት፣ አንዲት ጀልባ በ14 ቀናት ውስጥ አብዛኞቹን የጉብኝት ቦታዎች ደግማ መጎብኘት ስለማትችል፣ ድርጅቶቹ ረጅሙን ዙር ቆራርጠው ይሸጡታል፤ ስለሆነም የአንዲቱ ጀልባ ሁለት ጉዞዎች ፈጽሞ የተለያዩ እንስሳትን ሊያሳዩ ይችላሉ። መብረር የማይችለው ኮርሞራንት የተባለው የባሕር ወፍ በዓለም ላይ የሚኖረው በፈርናንዲና ደሴትና በኢሳቤላ ደሴት ምዕራባዊና ሰሜናዊ ዳርቻ ብቻ ነው። እግረ ቀይ ቡቢ የተባለውን ወፍ በብዛት ማየት የሚሻ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጄኖቬሳ ደሴት የሚሄድ መስመር መፈለግ ይኖርበታል። የጋላፓጎሱ አልባትሮስ የተባለው ትልቅ የባሕር ወፍ ደግሞ ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚራባው በደቡብ ምሥራቅ ባለችው በኤስፓኞላ ደሴት ሲሆን፣ እዚያ የሚገኘውም ከሚያዝያ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ በአጽንኦት የምናገረው ነገር አለ። የደሴቱ ስም በፕሮግራሙ ላይ መጻፉ ብቻውን በቂ ዋስትና አይሆንም። ኢሳቤላ እጅግ ሰፊ ስለሆነች፣ «ኢሳቤላን እንጎበኛለን» የሚለው ጉዞ በደቡብ ወዳለችው የፖርቶ ቪያሚል ከተማ ብቻ ሊያደርስ ይችላል፤ በዚያ ደግሞ ኮርሞራንቱ የለም። በተመሳሳይም የቻርልስ ዳርዊን የምርምር ጣቢያንና የሳንታ ክሩዝ ደሴትን ግዙፍ ኤሊዎች በዚያችው ደሴት ካለችው ከፖርቶ አዮራ ከተማ ተነሥቶ ያለ ጀልባ መጎብኘት ስለሚቻል፣ ብዙ ቀናቱን በዚያ የሚያሳልፍ መስመር ለገንዘቡ ለሚሳሳ ሰው አይጠቅምም። በየዕለቱ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የሚወረድበትን ቦታ ስም በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ይህንን ለመስጠት ከሚያንገራግር ሻጭ ባልገዛ ይሻለኛል።

አስጎብኚውንም በሚመለከት፣ በደንብ የምትረዱትን ቋንቋ አጥርቶ መናገሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ጥሩ አስጎብኚ ወፉን ከማሳየት አልፎ ወፉ ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ያስረዳል፤ እኔ ከጉዞዬ እስከ ዛሬ የማስታውሰው አብዛኛው ነገር ከአስጎብኚያችን አንደበት የሰማሁትን ነው።

ለደኅንነት ግን ምንም ዓይነት ቅናሽ አልቀበልም። ጀልባዎቹ ከደሴት ወደ ደሴት የሚጓዙት አዘውትረው በሌሊት ስለሆነ፣ ተሳፋሪው ሲተኛ ነቅቶ የሚጠብቅ መርከበኛ መኖሩን፣ የጭስ ማስጠንቀቂያ በየካቢኑ መገጠሙን፣ የሕይወት አድን ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው መዘጋጀቱን መጠየቅ ነውር የለውም። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባሕሩ ስለሚናወጥ፣ የባሕር ሕመም የሚያስቸግረው ሰው እምብዛም ወደ ጎን የማትዋልለውን ካታማራን፣ ማለትም ባለ ሁለት ቀፎ ጀልባ፣ ቢመርጥ ይበጀዋል።

ስለ ገንዘቡ ስንነጋገር፣ በጀልባዋ ዋጋ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይካተቱ ወጪዎችም አሉ። የፓርኩ መግቢያ ከኦገስት 2024 ጀምሮ ለአብዛኞቹ የውጭ አገር ጎልማሶች 200 ዶላር ሆኗል፤ በረራው፣ ቅዝቃዜን የሚከላከለው የዋና ልብስ ኪራይና ለሠራተኞች የሚሰጠው ጉርሻም ይጨመራሉ። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ካቢን ለመጋራት ፈቃደኛ ከሆነ ለብቸኛ ተጓዥ የሚጠየቀው ጭማሪ ሊቀርለት ይችላል። ፖርቶ አዮራ ደርሶ በመጨረሻው ሰዓት በቅናሽ የሚሸጥ ቦታ መጠበቅም አንድ መንገድ ነው፤ ሆኖም ይህ የሚያዋጣው ጊዜ ለተረፈውና የትኛውም መስመር ቢደርሰው ደስ ለሚለው ሰው ነው። አልባትሮሱን ወይም ኮርሞራንቱን ለማየት የቆረጠ ሰው ግን ተቀናሽ ዋጋውን ትቶ፣ ወሩንና መስመሩን ለይቶ ቀደም ብሎ ቦታ ቢይዝ እመክራለሁ።