ሳህኑን ገልብጡት

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ስለ ውርስ ሳህን ነው የማወራችሁ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።

አክስቴ አሜሪካ ውስጥ አንዲት አዛውንት ለዓመታት ስታስታምም ነበር። ሴትዮዋ ሲያርፉ አንድ የቻይና ፖርሴሊን (ነጭ የሸክላ) ሳህን ተናዘዙላት። “የሦስት መቶ ዓመት ዕቃ ነው” ብለዋት ነበር። ከሥሩ በሰማያዊ ስድስት የቻይና ፊደላት አሉ። ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከላይ ወደ ታች ሲነበቡ “በታላቁ ቺንግ፣ በካንግሺ ዘመን የተሠራ” ይላሉ። ቺንግ የቻይና ሥርወ መንግሥት ነው፤ ካንግሺ ደግሞ እስከ 1722 የነገሠ ንጉሠ ነገሥቱ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆማል። እኔ ግን ጽሑፉን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። በፖርሴሊን ሥራ የታወቀችው የቻይና ከተማ የጂንግደዠን ባለሙያዎች በአዲስ ዕቃ ላይ የድሮ ንጉሥ ስም መጻፍ ልማዳቸው ነበር። ሁሌ ለማጭበርበር አይደለም፤ ለቀደምቶቻቸው ካላቸው አክብሮትም ነው። በራሱ በካንግሺ ዘመን የቀድሞው ንጉሠ ነገሥት የቼንግኋ ስም ያለባቸው ዕቃዎች ተሠርተዋል። ቼንግኋ የሞተው ግን በ1487 ነው! በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ደግሞ ተራው የካንግሺ ሆነ።

ታዲያ ምኑ ይታመን? ዕቃው ላይ ካለው ሁሉ አዲስ የሆነው ነገር። ቀለሙ ኋላ የተጨመረበት ካልሆነ በቀር፣ ሳህን በላዩ ካለው ቀለም ሊያረጅ አይችልም።

የአክስቴ ሳህን በሮዝ አበባ የተሞላ ነው። ወፈር ያለ፣ ብርሃን የማያሳልፍ፣ በጣት ሲዳሰስ ጎላ የሚል ሮዝ። ይህ ቀለም የሚሠራው ከወርቅ ነው። ቻይና ውስጥ ብቅ ያለው ካንግሺ ሊሞት አካባቢ ነው፤ የተስፋፋው ከእሱ በኋላ። ከፊደላቱ ጎን ደግሞ የደበዘዘ ቀይ ማኅተም አለ፤ በእንግሊዝኛ “ቻይና” ይላል። አሜሪካ ከ1891 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት አስገድዳለች። ማኅተሙ ብቻውን ቢሆን ‘አሮጌ ዕቃ ኋላ ሲላክ ተመትቶበት ይሆናል’ እል ነበር። ከሮዙ ጋር ሲደመር ግን ወደ 1900 አካባቢ ነው የሚወስደኝ።

ይህን ስነግራት የዋጋው ነገር አላሳሰባትም። “ታዲያ ዋሽተውኛል ማለት ነው?” አለችኝ። ሆዴን በላኝ። አልዋሹም። ከእናታቸው የሰሙትን ነው የነገሯት፤ እናትየው ደግሞ ከሥሩ የተጻፈውን አምነው ይሆናል።

ሳህኑ ከማን ለማን እንደተላለፈ፣ በየት ከተማ እንደኖረ የምታውቀውን እንድትጽፍ ነገርኳት። ወረቀቱ አሁን ከሳህኑ ጋር ተቀምጧል። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ ካለ፣ የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት እያሉ ጠይቁና ጻፉት።