ዳሩ የታጠረ፣ መሃሉ ባዶ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ክፍል ቀኑን በሰዓት ሸንሽኖ ማደር ለለመደ ሰው ነው። «ተነስ፣ እንጦጦ እንውጣ» ሲባል መጀመሪያ የሚታየው የሚበላሽበት ፕሮግራም ለሆነ ሰው።

እንዲህ ላለ ሰው «ዝም ብለህ ተወው» የሚለው ምክር አይሠራም ባይ ነኝ። ብዙ ጊዜ ዕቅድ የሚያወጣው ስለሚጨነቅ ነው፤ ዕቅዱን ብትነጥቁት ጭንቀቱ ብቻውን ይቀራል። የሚሻለው ዳሩን አጥብቆ መሃሉን ላልታሰበ ነገር መተው ነው። የቅኔ ቤት ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት (ስንኝ) ነው፣ መወድስ የሚባለው ስምንት፤ ልኩ አይነካም። በልኩ ውስጥ የሚገባው ግን ለዕለቱ የሚፈጠር ነው፣ የትናንቱ ለዛሬ አይሆንም።

ዳሩ ሦስት ነገር ነው፤ የመመለሻ ሰዓት፣ የገንዘብ ጣሪያ፣ የማይነቃነቅ ግዴታ። ቅዳሜ ከሰዓትን እንውሰድ፣ ከ8 እስከ 11 ሰዓት። ለጀማሪ ሦስት ሰዓት ይበቃል፤ ሙሉ ቀን ባዶ ቢተው ከረፋዱ በፊት በዝርዝር ይሞላል። ገንዘቡ ቀድሞ ተለይቶ ይቀመጥ፣ ቢያልቅ የወሩን ወጪ የማያናጋ ያህል። የመመለሻው ታክሲ ሒሳብ ግን በጥሬ ብር ኪስ ውስጥ ይደር፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር አያደርስምና።

ቦርሳም በር ላይ ተሰቅሎ ይቆይ፤ ጃንጥላ፣ ሹራብ፣ የተሞላ ፓወር ባንክ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ፒያሳ ሲሞቅ በስስ ሸሚዝ የወጣ ሰው እዚያ ይንቀጠቀጣል። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡ ከሰዓትን ይወዳል። ቻርጀርና ሹራብ ፍለጋ ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ የመውጣቱ ስሜትም አብሮ ይበርዳል።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛው፣ ባዶውን ሰዓት የሳምንቱ ትርፍ ሥራ ይወርሰዋል። ሌላው፣ «ከሄድኩ እነዚህን አምስት ቦታዎች አያለሁ» ብሎ መጻፍ ይጀመራል፤ ያ ዕቅድ ነው፣ ስሙን ቢለውጥም። ሦስተኛውና የሚከፋው፣ ድንገተኛነትን በሌላው ሰው ላይ መጫን ነው። ልጅ የምታሳድግ እህት ቤት ሳይደውሉ መድረስና ራስን ብቻ ከፕሮግራም ነፃ ማውጣት እኩል አይደሉም።

ስለ ዕቅድ ትክክለኛነት አንድ ነገር ላንሳ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 እ.ኤ.አ. ሰው ሥራ የሚፈጅበትን ጊዜ አሳንሶ የመገመት ዝንባሌ እንዳለው ጽፈዋል። በ1994 እ.ኤ.አ. በታተመ ሌላ ጥናት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያዘጋጁ ተማሪዎች በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን ብለው ገመቱ፤ የፈጀባቸው ግን 55 ቀን ተኩል ነው። እንግዲህ ከሰዓቱ በደቂቃ የተሞላ ሰው ጊዜውን አልተቆጣጠረም፤ አንዱ ሲዘገይ ሁሉም ይዘገያል። ባዶ ሰዓት ለዚህም ይጠቅማል።

አሁን ወደ ቡና ልምጣ፣ ምክንያቱም ሳይታሰብ የሚመጣ እንግዳ ዋናው ልምምድ ነው። ቤት ውስጥ የተለቀመ ጥሬ ቡና፣ ደረቅ ከሰል፣ በዕቃ የተቀመጠ ቆሎ ይኑር፤ የቀረው በዚያው ይሆናል። ቡናው ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ጭሱ ይዞራል፣ ይወቀጣል። ጀበናው ሲገነፍል ወርዶ ማቶት ላይ ዘንበል ብሎ አምስት ደቂቃ ያህል ካልሰከነ አተላው ሲኒ ይገባል። እዚህ ላይ ነው ሰዓት የሚያይ ሰው የሚፈተነው፤ ቸኩሎ ቢቀዳ ለእንግዳው የሚሰጠው ድፍርስ ቡና ነው። ቶናውና በረካው በዚያው ላይ ውሃ እየተጨመረ ስለሚፈሉ ከመቁላቱ እስከ በረካ በቀላሉ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። ግዴታ ያለበት ሰው ገና ከሰሉ ሲቀጣጠል «አቦል ጠጥቼ እነሳለሁ» ቢል ማንም አይቀየመውም። ሳይናገር ቶናው ላይ ስልክ መነካካት ግን ያስቀይማል።

ጥሪ ሲመጣስ? «ሰፈራችሁ ነኝ፣ ውጣ» ሲሉህ ራስህን ሦስት ነገር ጠይቅ፦ እስከ መመለሻዬ ሰዓት አለ? ብሩ በጣሪያው ውስጥ ነው? የሚጠብቀኝ ሰው አለ? ሦስቱም ካለፉ «መጣሁ» በል፣ ዝርዝሩን መንገድ ላይ ታወራላችሁ። አንዱ ካላለፈ «ዛሬ አልችልም፣ ነገ በ10 ሰዓት ልደውል» በል፣ ነገ በ10 ሰዓትም ደውል።