አሮጌውን ፓስፖርት አትጣሉት

ሰላም፣ እንደምን አላችሁ? የዛሬውን ክፍል የምቀዳው ከባሕር ዳር ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጣና ዳር፣ ዋርካ ሥር ተቀምጫለሁ። የሚሰማችሁ ጫጫታ የወፎቹ ነው። ፊት ለፊቴ አንድ ሰውዬ ታንኳውን ከውኃ አውጥቶ እያቆመው ነው። የደንገል ታንኳ ውኃ ይጠጣል። ከሥራ በኋላ ፀሐይ ላይ ካልቆመ ይከብዳል፣ ቶሎም ይበሰብሳል። ይህን የነገረችኝ አክስቴ ነበረች። ወደዚህ ያመጣኝም የእሷ ሙት ዓመት ነው።

የማወራችሁ ግን ስለ ፓስፖርት ነው። ሁለቱ ነገሮች እኔ ላይ አንድ ላይ ስለመጡ ነጥዬ ላወራቸው አልቻልኩም።

ወደ አሜሪካ የሄድኩት በዲቪ ነው። ቨርጂኒያ እኖራለሁ። ባለፈው ዓመት ዜግነት ወሰድኩ። የቃለ መሐላው ዕለት ተሰልፈን ግሪን ካርዳችንን አስረከብን። ሴትዮዋ ካርዴን ተቀበለችኝና ፖስታ ውስጥ ከተተችው። ስንት ዓመት ከቦርሳዬ ያልተለየ ካርድ ነው። ከዚያ ቀኝ እጃችንን አንስተን ማልን። መሐላው ውስጥ፣ ከዚያ በፊት ዜጋው ለነበርኩት መንግሥት የነበረኝን ታማኝነት ሙሉ በሙሉ ትቻለሁ የሚል ቃል አለ። ቀደም ብዬ አንብቤው ነበር። በአፍ ሲባል ግን ሌላ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ ድምፄ ዝቅ አለ።

ከመሐላው በኋላ የዜግነት ሰርተፍኬት ሰጡን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ያን ቀን ዜጋ ሆናችኋል፤ መጓዝ ግን አትችሉም። ግሪን ካርዱ ተወስዷል። ፓስፖርቱ ገና አልወጣም። ፓስፖርት ለማውጣት ደግሞ ዋናውን ሰርተፍኬት ከማመልከቻው ጋር አያይዛችሁ ትልካላችሁ። እሱ በኋላ ለብቻው በፖስታ ይመለሳል። በመሀል ባሉት ሳምንታት እጃችሁ ላይ ኮፒ ብቻ ነው ያለው።

አክስቴ ያረፈችው በእነዚያ ሳምንታት ነው።

ሌሊት ነው የተደወለልኝ። ቀብር እንደማልደርስ አውቃለሁ። እኛ ዘንድ አስከሬን ብዙ አይቆይም። ለአርባዋ ግን እደርሳለሁ አልኩ። ፓስፖርት ወደሚያወጣው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ስልክ ደወልኩ። ሞት ወይም ከባድ ሕመም ሲያጋጥም አስቸኳይ ቀጠሮ አለ ተባልኩ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ ሟቿ ምንሽ ናት ብለው ጠየቁኝ። አክስቴ አልኩ። እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ወንድም፣ እህት፣ አያት ይቆጠራሉ። አክስት አትቆጠርም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ዝም አልኩ። እናቴ ሥራ ስትውል ያጎረሰችኝ፣ ጠጉሬን የሠራችኝ፣ ትምህርት ቤት ያደረሰችኝ እሷ ናት። ጡት ብቻ ነው ያላጠባችኝ። ይህን ለማላውቀው ሰው በስልክ እንዴት ብዬ ላስረዳ?

ፓስፖርቱ የደረሰኝ አርባዋ ከወጣ በኋላ ነው።

ስለዚህ የመሐላ ቀጠሮ የያዛችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ፣ አገር ቤት የታመመ ወይም ያረጀ ሰው ካላችሁ አስቀድማችሁ አስቡበት። ግሪን ካርዱ እጃችሁ ላይ እያለ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርታችሁም ካልተቃጠለ፣ ደርሳችሁ ተመለሱ። ከዚያ ማሉ። እኔ ይህን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ሁለተኛው ነገር አሮጌው ፓስፖርት ነው። የእኔ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ሊቃጠል ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር። አሜሪካኖቹ አልወሰዱብኝም። አንዲት ጓደኛዬ፣ ለእኔው አስባ ነው፣ "ቦሌ በሱ ግቢ፤ የቪዛ ወጪም አይኖርብሽ" አለችኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ይመከራል። ሕጉ ግን ግልጽ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ፣ ቁጥሩ 378፣ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። ደብዳቤ እስኪደርሳችሁ የሚጠብቅ ነገር የለም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ እጃችሁን ስታወርዱ አልቋል። አሜሪካም በበኩሏ ዜጋዋ ሲወጣም ሲገባም በእሷ ፓስፖርት እንዲሆን ሕግ አላት። በአንዱ ገብታችሁ በሌላው ልትወጡ ስትሉ ማኅተሙ ይጋጫል። ጥያቄውን የምትመልሱት እናንተው ናችሁ፣ በረራው ሊነሳ ሲል።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔን ያስተወኝ ይህ ፍርሃት አይደለም። ዋሽቼ ገብቼ አክስቴ መቃብር ላይ መቆም አልፈለግኩም።

እናም እንደ ማንኛውም የውጭ ዜጋ በኢንተርኔት ቪዛ ጠይቄ መጣሁ። ስማችሁ ላይ ተጠንቀቁ። ፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው፣ ፊደል በፊደል መሆን አለበት። እኛ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም። የእኔ አያት ስም አሜሪካ ውስጥ የቤተሰብ ስም ሆኗል፣ አባቴ መሀል ገብቷል። ቲኬቱም ቪዛውም በዚያው ቅደም ተከተል ካልሆነ ጣጣ ነው። ዜግነት ሲወስዱ ስም የሚቀይሩም አሉ። መብታችሁ ነው። ግን የቀየራችሁበትን ወረቀት ጠብቁት፤ አሮጌውና አዲሱ ሰው አንድ መሆኑን የሚያስረዳላችሁ እሱ ነው። የልደት ቀንም እንደዚሁ ነው። የእኛንና የፈረንጁን ዘመን ሲያቀያይሩ ስንት ሰው ነው ሁለት የልደት ቀን ይዞ የሚኖረው።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ነው የመጣሁት። በአባይ በረሃ በኩል በአውቶቡስ መምጣት እወድ ነበር። አሁን ጊዜው አይደለም።

እናቴን ልንገራችሁ። በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ከቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ፌስታል አወጣች። ወረቀቷን ሁሉ የምታስቀምጠው እዚያ ነው። የቤት ካርታ፣ የእድር ደብተር፣ የክትባት ካርዶቻችን። ከመሀል የእኔን የቀበሌ መታወቂያ መዘዘች። ፕላስቲኩ ጠርዝ ጠርዙ ተነቅሏል። ፎቶው ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ሹሩባ ተሠርቻለሁ። የሠራችኝ አክስቴ ናት።

"ሰኞ ቀበሌ እሄዳለሁ። ያንቺንም አብሬ ላሳድስልሽ?" አለችኝ።

ዜግነት መቀየሬን ታውቃለች። በስልክ ነግሬያት እልል ብላለች። ምን ማለት እንደሆነ ግን አልነገርኳትም። እሷ የመሰላት አንድ ነገር መጨመሩን ነው። እኔም እንደዚያ እንዲመስላት ትቼው ነበር። አጥፍቻለሁ። ቁጭ አልኩና ነገርኳት። እማዬ፣ ሕጉ ሁለት አይፈቅድም፣ መታወቂያው ከእንግዲህ ለእኔ አይታደስም አልኳት።

"ታዲያ ከቤተሰብ ቅጹ ላይ ትወጪያለሽ?" አለች።

መልስ አጣሁ። መታወቂያውን በአውራ ጣቷ ጠረገችው። ወደ ፌስታሉ መለሰችውና ቋጠረችው። እስከ ማታ አላናገረችኝም። ማታ እራት ስታቀርብ፣ ሳታየኝ፣ "በሰማንያ ቀንሽ ጊዮርጊስ አስገብቼሻለሁ። የሱን መዝገብ ማን ይነካዋል?" አለች። እንጀራውን ቆርሳ አጎረሰችኝ።

ወላጅ ያላችሁ፣ ይህን በስልክ አታድርጉት። በሰው አፍ እንዲሰሙትም አታድርጉ።

በእኔ እምነት ሕጉ አንድ ቀን እንደገና መታየት አለበት። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ሁለት ዜግነት ፈቅዳለች። ሰው እንጀራ ፍለጋ ስለወጣ እናቱን አልተወም። ይህን ከልቤ አምናለሁ። እስከዚያው ግን ያለው ሕግ ይህ ነው፤ ያለውን በር እናንኳኳ።

ያ በር ቢጫ ካርዱ ነው። ለእናቴም ቁጭ ብዬ ያስረዳኋት እሱን ነው። መጀመሪያ የቢጫ ወባ ክትባት መስሏት ነበር። ሙሉ ስሙ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 270 የመጣ ነው። ከኤምባሲ ወይም አዲስ አበባ ከኢሚግሬሽን ይወጣል። እሱን የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይኖራል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል። ቤት በስሙ ሊኖረው ይችላል። ይህ ለእናቴ ትልቁ ነገር ነበር፤ "ቤቱ ምን ይሆናል?" የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነስቷት እንደነበር ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ወላጁ፣ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ኢትዮጵያዊ የነበረም ይችላል። ስለዚህ እዚያ የሚወለዱ ልጆቻችንም አይቀሩም።

የማይሰጠውም አለ። መምረጥና መመረጥ የለም። መከላከያ፣ ጸጥታና ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ መሥራት የለም። ዜግነቱን መመለስ የሚፈልግ ደግሞ አገር ቤት ተመልሶ መኖር ጀምሮ፣ የያዘውን ዜግነት ትቶ ማመልከት ይችላል። ያ በ378 አዋጅ ውስጥ አለ።

አሮጌውን ፓስፖርት አትጣሉት የምለውም ለዚህ ነው። ቢጫ ካርድ ለማውጣት ኢትዮጵያዊ እንደነበራችሁ ማሳየት አለባችሁ። ከእሱ የተሻለ ምን ማስረጃ አለ? አይጓዙበትም፤ ግን ማን እንደነበራችሁ ይመሰክርላችኋል። ተናድዶ የቀደደ ሰው አውቃለሁ። ስንት ቦታ ለፋ መሰላችሁ።

ከትናንት ወዲያ በጀልባ ዘጌ ሄጄ ነበር። የአክስቴ አገር ነው። ቡናው መሀል አቋርጦ ወደ ገዳሙ የሚወስደውን መንገድ በእግሬ ወጣሁ። መግቢያው ላይ ለአገር ሰውና ለውጭ ሰው ዋጋው ይለያያል። ቲኬት የሚቆርጡት አባት ሳይጠይቁኝ የአገር ሰው ቲኬት ቆረጡልኝ። አባ፣ እኔ የውጭ ፓስፖርት ነው ያለኝ አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። "የማን ልጅ ነሽ?" አሉ። የአክስቴንና የአያቴን ስም ነገርኳቸው። ቲኬቱን አልቀየሩትም። "ነፍስ ይማር፤ ግቢ ልጄ" አሉኝ። ልዩነቱን ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ከተትኩት።

ነገ ሙት ዓመቷ ነው። ጠላው ተጣርቷል፣ ዳቦው ሌሊት ይጋገራል። ከሙት ዓመቱ በኋላ አዲስ አበባ ወርጄ የቢጫ ካርዱን ማመልከቻ አስገባለሁ። ትናንት ጠዋት እናቴ ቡና እያፈላች በድንገት፣ "ያ ቢጫው፣ ፎቶ አለው?" አለችኝ። አለው እማዬ አልኳት። ሲኒውን አስቀምጣ ገባችና የአክስቴን ነጠላ ይዛ ወጣች። ታጥቦ፣ ታጥፎ የተቀመጠ ነው። "ይህን ትከሻሽ ላይ ጣል አድርገሽ ተነሺ" አለችኝ።

ትናንት ከሰዓት ፎቶ ቤት ሄጄ ተነሳሁ። ነጠላውን አድርጌ።