ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውስ?

እሺ ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ፣ ስክሪፕትም አልጻፍኩም፣ ስለዚህ ከወዲያ ወዲህ ስል ታገሱኝ።

"ሜዳውም ያው ፈረሱም ይኸው" የምትባለውን አባባል ታውቋታላችሁ አይደል? ጉረኛ ሰው ሲበዛበት በል እስቲ አሳየን የሚባልባት። ልጅ ሆኜ ስሰማት ጉዳዩ ሁሌ ፈረሰኛው ይመስለኝ ነበር። አሁን በፈረስ መሰናክል እየዘለልኩ ስንት ዓመት ቆይቼ የምትገርመኝ ግን በሌላ ነገር ነው፣ ከፈረሱ በፊት ሜዳውን ነው የምትጠራው። እኔ ሜዳውን ማየት የጀመርኩት ፈረሴ ካነከሰ በኋላ ነው።

ፈረሱ ዳማ ነው፣ ያኔ 9 ዓመቱ ነበር፣ 1 ሜትር ከ20 ያለችግር የሚዘል፣ እንዲያውም መሰናክል ሲያይ ጆሮውን ቀስሮ እኔን ጎትቶ የሚሄድ ዓይነት። እና አንድ ሰሞን ወደ ግራ ስንዞር እርምጃው ማጠር ጀመረ፣ ያው ትንሽ ነገር ናት፣ ከላይ ሆናችሁ ራሳችሁን የምትጠራጠሩባት ዓይነት። ከዚያ ሲያርፍ አንዱን እግሩን ቶሎ ማንሳት፣ ከዚያ ደግሞ ነክቶት የማያውቀውን እንጨት መጣል መጣ። እኔ ምን አልኩ? ሰነፈ አልኩ። ልጓም ቀየርኩ፣ ኮርቻ አስመረመርኩ፣ ጫማውን የሚመታለትን ሰውዬ አስቸገርኩ፣ በቃ የረገጠውን መሬት ትቼ ያልነካካሁት ነገር የለም።

የእንስሳት ሐኪሟ መጥታ በጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ አስሮጠችው፣ እግሩን በአልትራሳውንድ አየችው፣ የፊት ግራ እግሩ ላይ ከኋላ በኩል የሚወርደው ጅማት ውስጥ ትንሽ ጥቁር ቦታ አሳየችኝ፣ እዚያ ጋ ክሮቹ ተበጥሰዋል ማለት ነው። ከዚያ "የምትሠሩበትን ሜዳ አሳየኝ" አለችኝ። ሄድን። ምንም መሣሪያ አልያዘችም፣ ተረከዟን እየወጋች ብቻ ዞረች። ሁሌ ዳር ዳሩን የምንሄድበት መስመር ላይ ጫማዋ ሰመጠ፣ ሁለት እርምጃ ወደ መሀል ስትገባ ደግሞ አሸዋው አልቆ ከታች ያለው ጠጣር ንጣፍ ጋ ደረሰች፣ ኳ አለ። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

አሁን ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ፣ እኔ ስሰማው ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ፈረስ ከፊት ጉልበቱ በታች ይህ ነው የሚባል ጡንቻ የለውም፣ ያለው አጥንትና ጅማት ነው። ጅማቱ እንደ ስፕሪንግ ይለጠጣል፣ ጉልበት ያጠራቅማል፣ መልሶ ይለቃል። ከመሰናክል ሲወርድ ሁለቱ የፊት እግሮች እኩል አያርፉም፣ አንዱ ይቀድማል፣ እና ትልቅ መሰናክል ሲሆን በዚያ በቀደመው እግር ላይ የሚወርደው ኃይል የፈረሱን ክብደት ሁለት እጥፍ ገደማ ሊደርስ ይችላል። 550 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ አስቡ፣ ከአንድ ቶን በላይ በአንዲት ሰኮና ላይ።

እና ሰኮናዋ መሬት ስትነካ መጀመሪያ ምቱ አለ፣ ከዓይን ጥቅሻ የፈጠነ፣ መሬቱ ደረቅ ከሆነ ንዝረቱ በአጥንቱ ሽቅብ ይወጣል። ቀጥሎ ሰኮናዋ ወደፊት ትንሽ ትንሸራተታለች፣ መንሸራተት አለባት፣ ብሬክ ማለት ነው ይህቺ። መሬቱ ቀጥ አድርጎ ከያዛት ግፊቱ መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል፣ በጣም ከለቀቃት ደግሞ ፈረሱ መሬቱን ማመን ያቆምና እርምጃውን ይሰበስባል። ከዚያ ክብደቱ በሙሉ ይመጣል፣ ቁርጭምጭሚቱ መሬት ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ ይላል፣ ጅማቱ እስከ ጥግ የሚለጠጠው እዚህ ጋ ነው። በመጨረሻ ግፍቶ ይነሳል፣ ያኔ አሸዋው ከጣቱ ስር ከሸሸበት ጉልበቱን ከሌላ ቦታ ማምጣት አለበት።

እኔ ድሮ ለስላሳ መሬት ማለት ለፈረስ የሚራራ መሬት ይመስለኝ ነበር፣ ስንቶቻችን ነን እንደዚያ የምናስበው! ጥልቅ አሸዋ ምቱን ይቀንሳል፣ እውነት ነው፣ ግን ከጉልበት በላይ ያለው ጡንቻ ይደክማል፣ የደከመ ጡንቻ ደግሞ ሸክሙን ለጅማት ነው የሚያወርሰው። ጠንካራው መሬት አጥንትና መገጣጠሚያን ይበላል፣ ጥልቁ ጅማትን። የእኔ ሜዳ ሁለቱንም በሁለት እርምጃ ርቀት ውስጥ ነበረው፣ ባሰ። ምክንያቱም ፈረስ ብልህ ነው፣ አንድ ዓይነት መሬት ከሆነ ከባድም ቢሆን ቀስ በቀስ ይለምደዋል፣ አረማመዱን ያስተካክላል። በየእርምጃው የሚለዋወጥ ከሆነ ግን በምን ያስተካክል? በጨለማ ደረጃ ስትወርዱ አለ ብላችሁ የረገጣችሁት ደረጃ ሲጠፋ ያለችውን ድንጋጤ ታውቋታላችሁ፣ እሷ ናት።

አሸዋውም ቢሆን አሸዋ ሁሉ አንድ አይደለም። ክብ ክብ የሆነው ቅንጣት እንደ ብይ ይንከባለላል፣ ማዕዘን ያለው እርስ በርሱ ይያያዛል። አንዳንዱ ሜዳ ላይ ፋይበር ይቀላቅሉበታል፣ የሳር ሥር የሚሠራውን እንዲሠራ፣ አንዳንዱ ሰም ይቀባል፣ ሰሙ ግን ሲሞቅ ይለሰልሳል ሲበርድ ይጠነክራል፣ ስለዚህ ጠዋትና ከሰዓት አንድ ሜዳ አይደለም። ከሁሉም በላይ ግን ውሃ ነው። የባህር ዳርቻ የሄደ ይገባዋል፣ ደረቁ አሸዋ ላይ እግር ይሰምጣል፣ እርጥቡ ላይ ሰው ይሮጣል፣ ውሃ የቆመበት ላይ ደግሞ እግር ይዋጣል። ያው አሸዋ ነው እኮ። እኛ ጋ ውሃ የሚያጠጣው ሰው ሲቀር ማንም ምንም አይልም ነበር፣ እኔም አላልኩም።

ትልልቆቹም ቢሆኑ አልዳኑም። አቴንስ 2004 ኦሎምፒክ ላይ ዝላዩ ሳር ላይ ነበር፣ ሳሩ አልያዘም ተብሎ ብዙ ተወቅሷል። አሜሪካዊው ጋላቢ ክሪስ ካፕለር ሮያል ካሊበር የሚባለውን ፈረስ ይዞ ሜዳሊያ በሚለይበት የመጨረሻ ዙር ላይ እያለ ፈረሱ እግሩን ተጎዳ፣ ካፕለር መሀል ላይ አቁሞ ወጣ። ማቆሙ እኔን የሚነካኝ ነገር ነው፣ ኦሎምፒክ ላይ ሆናችሁ አንድ የተበላሸ እርምጃ ሰምታችሁ ልጓም መሳብ... እኔ ስንት ሳምንት ሰምቼ ሰነፈ ያልኩ ሰው ነኝ። ለንደን 2012 ላይ ደግሞ ግሪኒች ፓርክ ውስጥ ሜዳውን ከመሬት ከፍ ባለ መድረክ ላይ ነው የሠሩት። በ2014 ከዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ጋር የተሠራ ስለ ሜዳ ብቻ የሚያወራ ሰነድ ወጣ፣ ሰኮና ሲመታው ምን ያህል ይጠነክራል፣ ክብደቱን ምን ያህል ይቀበላል፣ መልሶ ምን ያህል ይገፋል፣ ምን ያህል ይይዛል፣ ከጥግ እስከ ጥግ አንድ ዓይነት ነው ወይ፣ እነዚህን ነው የሚለካው። የመጨረሻዋን ሳነብ ያ ኳ ያለው ድምፅ መጣብኝ።

ሳር ደግሞ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም ኸረ! ጀርመን አኸን ላይ፣ እንግሊዝ ሂክስቴድ ላይ የዓለም ምርጥ ፈረሶች ሳር ላይ ነው የሚዘሉት፣ እንዳያንሸራትታቸው ጫማቸው ላይ ብሎን እየታሰረላቸው። ብሎኑም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፣ በጣም ከነከሰ ሰኮናው መዞር ሲፈልግ አይዞርም፣ ሌላ ቀን እናወራዋለን።

ዳማው 11 ወር ፈጀበት። መጀመሪያ በእጅ እየተመራ እርምጃ ብቻ፣ በየሳምንቱ ደቂቃ እየጨመርን፣ ከዚያ ሶምሶማ ቀጥታ መስመር ላይ፣ መጠምዘዝ በጣም ዘግይቶ መጣ። ጅማት ይድናል ግን በጠባሳ ነው የሚድነው፣ ጠባሳ ደግሞ እንደ መጀመሪያው አይለጠጥም። አሁን 1 ሜትር ይዘላል፣ ከዚያ በላይ አልጠይቀውም። በሳምንት አንድ ቀን ሜዳ አንገባም፣ ጠንከር ያለ መንገድ ላይ በእርምጃ እንወጣለን፣ አንድ ቀን ደግሞ ሳር ላይ፣ እግሩ የተለያየ ነገር እንዲያውቅ ብዬ።

እና አሁን ኮርቻ ከመጫኔ በፊት ሜዳውን በእግሬ እዞራለሁ፣ ተረከዜን እየወጋሁ፣ በተለይ መሰናክሉ ፊትና ኋላ፣ ምክንያቱም ሁሉም ፈረስ የሚነሳውና የሚያርፈው እዚያው ቦታ ስለሆነ ጉድጓድ የሚሆነው እሱ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ሦስተኛው መሰናክል ማረፊያ ላይ ጥልቅ ቦታ አገኘሁና መሰናክሉን ሁለት ሜትር ላንቀሳቅስ ስል አንዱ ልጅ ከአጥር ላይ ሆኖ "ምን ጠፋብህ?" አለኝ። መሬት ላይ አቀርቅሬ ስዞር አይቶኝ ነው። ቀልቤ አልኩት፣ ሳቀ፣ ግን ወርዶ እንጨቱን በአንድ በኩል ያዘልኝ።