ካርታው ስንት ሚሊ ሜትር ይላል?

የተከበራችሁ የዞንና የወረዳ የግብርና ባለሙያዎች፣ የሜትሮሎጂ ባልደረቦቼ፤

ሥልጠናውን በንግግር እንድዘጋ ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ብዙ ርዕስ አንስታችኋል፤ እኔን ግን የሚያንገበግበኝ አንድ ነው፤ የዝናብ ፐርሰንታይል ካርታ፣ ማለትም የዘንድሮው ዝናብ ካለፉት ዓመታት መካከል ስንተኛ ደረጃ ላይ እንደዋለ በቀለም የሚያሳየው ካርታ።

ያንን የክረምት ግምገማ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። በካርታው ላይ አንድ ወረዳ ቡናማ ቀለም ተቀብቶ «20ኛ ፐርሰንታይል» ይላል። ሰብሳቢው ጣታቸውን ቀስረው «ከዚህ ወረዳ 80 በመቶው ዝናብ ቀርቷል» አሉ። ዝናብ መለኪያውን ጠዋት ጠዋት የሚያነቡት አዛውንት መዝገባቸውን ይዘው ተነሱ። ከመካከለኛው ዓመት የጎደለው ከአምስት እጅ አንድ እጅ እንኳ እንደማይሞላ ገጹን ገልጠው አሳዩ። «ካርታው የሳተላይት ነው፤ ይቀመጡ» ተባሉ። ተቀመጡ። 80 በመቶውም ሪፖርት ሆኖ ወደ ላይ ሄደ።

የ40 ዓመት ክረምት ከትንሹ ወደ ትልቁ ቢደረደር፣ የዘንድሮውን ያህል ወይም ያነሰ የዘነበው በ8ቱ ገደማ ነው ማለት ነው፤ 20ኛ ፐርሰንታይል ይኸው ነው። ደረጃ ይናገራል፤ ስንት እንደዘነበ ግን አይናገርም። ዝናባማዋ ጎሬ ላይ 20ኛው ላይ የወደቀ ክረምት በቆሎን አጥግቦ ሊያሳድግ ይችላል። ደረቋ ጎዴ ላይ 80ኛው ላይ የወጣ ወቅት ማሽላ ላያደርስ ይችላል። እያንዳንዱ ቦታ የሚለካው በገዛ ታሪኩ ነው። ጎዴ ደግሞ ሐምሌ ደረቅ ወሯ ነው፤ አብዛኛው ሐምሌ ባዶ በሆነበት አገር ጥቂት ሚሊ ሜትር ጠብ ሲል ካርታው አረንጓዴ ይለብሳል።

በዚያ አረንጓዴ ተማምኖ የእርዳታ ስንዴ የሚቀንስ ማን ነው? ተጠያቂውስ ማን ነው? የአርብቶ አደሩ ከብት ቀለም አይግጥም! መዝገብ ይዞ የመጣን ሰው ተቀመጥ የሚል ስብሰባ ስለ ድርቅ የመወሰን መብት የለውም!

ስለዚህ ሚሊ ሜትሩን ጎን ለጎን ያላሳየ ካርታ ሲመጣላችሁ መልሱት። የንጽጽር ዘመኑን ያልጻፈውንም እንዲሁ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2020 ካለው ዘመን ጋር የተወዳደረ ዝናብ፣ ከ1981 ጀምሮ ሲታይ ሌላ ደረጃ ሊይዝ ይችላል።

የወረዳዎችን ፐርሰንታይል ደምሮና አካፍሎ የዞን ቁጥር ማውጣትም ይቅር። መጀመሪያ የየዓመቱ የዞኑ አማካይ ዝናብ ይሰላ፤ ደረጃው ከዚያ በኋላ ይውጣለት።

አመሰግናለሁ።