ከ1 እስከ 10፣ ከዚያ ዝም
እንደምን አመሻችሁ። ጫማ አስወልቄ ምንጣፍ ላይ ስላስቀመጥኳችሁ፣ እግራችሁ ሳይደነዝዝ ልጨርስ።

ሜዲቴሽን ሲባል አንድ ዓይነት ብቻ ያለ ይመስለናል። የለም። ልብን አንድ ቦታ የሚያስር አለ፤ የሚለቅም አለ። ዜን የሚባለውን የቡድሂዝም ሜዲቴሽን የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ ትንፋሹን ከ1 እስከ 10 ይቆጥራል። ሐሳቡ ከሄደበት እንደገና ከ1 ይጀምራል። እኔም የጀመርኩት በዚህ ነው። 4 ላይ የቤት ኪራይ ትዝ ይለኛል። ወደ 1። 3 ላይ ምስር ወጡ አረረ እንዴ? ወደ 1። አንድ ቀን ብንን ስል 17 ላይ ነኝ! ጥርሴን ነክሼ ስቆጥር ትከሻዬ ጆሮዬ ጋ ደርሷል።

ሌላኛው መንገድ ትግል የለውም። ማሃሪሺ ማሄሽ ዮጊ እ.ኤ.አ. በ1958 ከህንድ ወጥቶ በየአገሩ ያስተማረው ትራንሰንደንታል ሜዲቴሽን እዚህ ይመደባል። በቀን ሁለቴ፣ 20 ደቂቃ፣ ማንትራ የሚሉትን ቃል በልብ መደጋገም።

«ማንትራ ካለማ ያው ማተኮር አይደል?» ትሉኛላችሁ። እኔም ብያለሁ። ልዩነቱ ያለው ቃሉ ሲጠፋ ነው። አተኳሪው ሐሳቡን እንደጠፋ ጥጃ ጎትቶ ይመልሳል። ይሄኛው ቃሉ ደብዝዞ ቢጠፋም አይደነግጥም፤ ትዝ ሲለው ቀስ ብሎ ይመለስበታል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ጃፓናዊ መነኩሴ ዶገን ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥን አስተማረ። መቁጠር የለ፣ ማንትራ የለ። እናቴ ብትሰማ «ይሄማ ስንፍና ነው» ትላለች።

ለጀማሪ ግን ይሄ ከመቁጠር ይከብዳል ባይ ነኝ። ወይ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ወይ ላለመታገል ሲታገል ያመሻል።

በቡድሃ ዘመን ሶና የሚባል መነኩሴ ነበር። ሲተጋ፣ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ እግሩ ደማ። ልተወው ብሎ ሲያስብ ቡድሃ መጣና ጠየቀው፦ ቤትህ ሳለህ ቪና የሚባለውን የህንድ ባለ ክር መሣሪያ ትመታ አልነበር? ክሩ ሲከር ድምፁ ያምራል? ሲላላስ? ክራር የሞከራችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ።

በሉ እንሞክረው። 5 ደቂቃ እንቆጥራለን። ደወሉን ስመታ ቁጥሩን ተዉት፣ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። 17 የደረሰ ካለ እጁን ያውጣ፤ ብቻዬን እንዳልሆን።