የገብሱ ውለታ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን ለፈቀዱልን፣ ቡናውን ላፈሉልን እናቶች ምስጋናችን ብዙ ነው። ዘንድሮ ችግኝ ተክለናል፣ ሁለት ሥልጠና ሰጥተናል። ዝርዝሩ ሪፖርቱ ላይ አለ።

ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደነሳኝ ነገር ልሂድ። የውጭ አጋራችን ገንዘብ ተቋረጠ። ያን ሰሞን አንድ አባላችን «ያው ልመና ነበር፣ ቀረ» አለኝ። አልተቀበልኩትም፤ ዛሬም አልቀበለውም።

አብዛኞቻችን የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ልጆች ነን። ኮሌጁን በ1950ዎቹ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ ያቋቋሙት የኦክላሆማ መምህራን ናቸው። እውነት ነው፣ ተረድተናል። ግን ሰጥተናልም። የካሊፎርኒያን ገብስ ቫይረስ እያቀጨጨ ቅጠሉን ቢጫ ሲያደርገው፣ በሽታውን የሚቋቋመው ዘረ መል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። አያቶቻችን መርጠው ካቆዩት ገብስ! በ1973 ከዓለማያ የተመረቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታስ? ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆነው አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ አወጡ፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። አሜሪካ መምህር አገኘች፣ የአፍሪካ ገበሬ ዘር አገኘ። በ2025 አብዛኛው የአሜሪካ መንግሥት ዕርዳታ ሲቆምም የተጎዳነው እኛ ብቻ አይደለንም። በዚያ ገንዘብ ይሠሩ የነበሩ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ማዕከላት ተዘግተዋል። ማሽላቸው ለዕርዳታ ይገዛላቸው የነበሩ የካንሳስ ገበሬዎችም ገዢ ጎድሎባቸዋል።

ታዲያ የራሳችን እጅ የት ነው? ባለፈው ወር የዘር ማከማቻችንን ከፈትኩ። የጥቁር ገብሱ ማሰሮ ክዳኑ ተነስቷል። እፍኝ ስዘግን ዱቄት ብቻ ቀረኝ፤ ነቀዝ ጨርሶታል። አንድ አዛውንት ገበሬ ዛላ በዛላ ለቅመው የሰጡን ዘር ነበር። ለጥበቃው የምንከፍለው አጥተን ካሰናበትነው ወዲህ ቤቱን ዞር ብሎ ያየው የለም። ቁልፉ እኔ ጋ ነበርና ከማንም በላይ አፍሬያለሁ።

ከ84 አባላት መዋጮ የከፈሉት 31 ናቸው። ከእነሱም ግማሾቹ ጡረተኞች ናቸው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዛሬ ያልመጣችሁ፣ ስደውል ስልክ የማታነሱ ወንድሞቼ፣ ይህን የሚያደርስላችሁ ሰው አይጠፋም። አልተቀየምኳችሁም፤ አዝኛለሁ። ያን ገብስ ፍለጋ ዳገቱን አብረን የወጣነው እኮ ከእናንተ ጋር ነው!

አዛውንቱ አሁንም ጥቂት ዘር እንዳላቸው ሰምቻለሁ። ሰኔ ሳይገባ ሄደን ይቅርታ ጠይቀን እንደገና እንለምናቸዋለን። የእኔ መኪና አራት ሰው ይይዛል። የምትሄዱ በምሳ ሰዓት ለጸሐፊያችን ስማችሁን ስጡ።